አሰልጣኙ ቢባረር ቡድኑ ይነሳል?

ጥያቄው፦ «ነዋሪነቴ ጅማ ነው። የምደግፈው ክለብ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊጉ ይወዳደራል፤ ስሙን አትጥቀሱብኝ። አምና ሦስተኛ ሆነን ነበር የጨረስነው። ዘንድሮ ባለፉት 8 ጨዋታዎች አንዱን ብቻ አሸነፍን፣ በሦስቱ አቻ ወጣን፣ በአራቱ ተሸነፍን። ከገባብን 11 ጎል 6ቱ የገባው ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። አምና ጎል ያገባልን የነበረው አጥቂ ሄዷል። ተጫዋቾቹ የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም ይባላል። ውድድሩ በአንድ ከተማ ስለሚካሄድ ቡድኑ ከጅማ ከወጣ ቆይቷል፤ ውጤቱን የምንሰማው በስልክ ነው። አጂፕ አካባቢ ቡና ለመጠጣት በተቀመጥን ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። ግማሹ ‹ዛሬውኑ ይባረር› ይላል። ግማሹ ‹የአርሰናሉ አሰልጣኝ አርቴታም ጊዜ ተሰጥቶት ነው› ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት አሰልጣኝ ስንቀይር ወዲያው ሦስት ጨዋታ አከታትለን አሸንፈናል። አሁን የደጋፊ ማህበሩ ‹አሰልጣኙ ይሰናበት› የሚል ደብዳቤ አዘጋጅቶ ፈርም እያለኝ ነው። ልፈርም?»

ምላሽ፦ አይፈርሙ። አሰልጣኙ ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። የራሱ የሆነ ጥፋት ያለ ይመስለኛል፤ እመጣበታለሁ። ግን ደብዳቤው የሚጠይቀው ነገር፣ እርስዎ ራስዎ ከዘረዘሩት ችግር ውስጥ ትልቁን አይነካም።

መጀመሪያ የሦስቱን ድል ነገር እናጥራ። ከሁለት ዓመት በፊት የተባረረው አሰልጣኝ የተባረረው መቼ ነው? ቡድኑ ተደጋግሞ ሲሸነፍ፣ ማለትም ውጤቱ እታች ሲደርስ ነው። እታች የደረሰ ውጤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማንም ሳይነካው ትንሽ ቀና ይላል። ጅማ ላይ እንደ ጉድ ዝናብ ከጣለበት ሳምንት በኋላ የሚመጣው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል። በመሃል ጃንጥላ ስለገዛን አይደለም። አዲስ አሰልጣኝም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልክ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው፤ ምስጋናውን ይወስዳል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ባስ ቴር ዌል የተባለ የኔዘርላንድ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የአገሩን ዋና ሊግ መረጃ አገላብጦ ነበር። ውጤት ወርዶባቸው አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን፣ ልክ እንደነሱ ወርዶባቸው ካላባረሩት ጋር አነጻጸረ። ያባረሩት ተሻሻሉ። ያላባረሩትም ተሻሻሉ። ከማባረሩ የተገኘ ትርፍ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የእናንተን ሦስት ድል ከዚህ ውጭ አድርጎ ለማየት፣ ከማን ጋር እንደተጫወታችሁና ከሦስቱ ጨዋታ በኋላ ምን እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። እርስዎ የጻፉልኝ ሦስቱን ብቻ ነው። ደጋፊም የሚያስታውሰው ሦስቱን ብቻ ነው።

ይህን ነገር በትልቁ ያየነው ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ነው። ሶልሻየር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በጊዜያዊ አሰልጣኝነት መጥቶ ከ19 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ። አገር ጉድ አለ። በመጋቢት ቋሚ ውል ተሰጠው። ከዚያ ወዲያ ቡድኑ ወደ ነበረበት ተመለሰ፣ የውድድር ዓመቱም በሽንፈት ላይ ሽንፈት አለቀ። ማንም የከፋ ነገር አላደረገም፤ የመጀመሪያው ሙቀት ነው የበረደው።

አሁን ደግሞ ወደ «ጊዜ ይሰጠው» ባዮቹ ልምጣ፤ እነሱም አላመለጡም። አርቴታ እ.ኤ.አ. በ2020 ገና ሰሞን አርሰናልን 15ኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦ እንደነበር እውነት ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ 8ኛ ጨረሰ፣ ቀጥሎ 5ኛ፣ ቀጥሎ 2ኛ ሆነ። ግን የተሰጠው ጊዜ ብቻ አይደለም። ትልልቆቹን ደመወዝተኞች ሲያስወጣ ክለቡ ከኋላው ቆመ፣ በየክረምቱ የሚፈልገውን ገዛለት፣ ደመወዝ በቀኑ ከፈለ። የማንቸስተር ዩናይትዱን ፈርጉሰንንም ያነሱልዎት ይሆናል፦ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ክለቡ መጥቶ እዚያ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በ1990 ነው። ልክ ነው። ግን ጊዜ ተሰጥቷቸው ክለባቸውን ይዘው የወረዱ አሰልጣኞችን ስም ማንም ቡና ላይ አያነሳም፤ ስለተረሱ ነው። ትዕግስት ብቻውን ታክቲክ አይሆንም።

እዚያው ጅማ ያለውን ታሪክ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግን ሁለቱም ወገን ለራሱ እንደሚመቸው ነው የሚጠቅሰው። ጅማ አባ ቡና በ2009 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ ወረደ። ቀጥሎ የገባው ጅማ አባ ጅፋር በ2010 በመጀመሪያ ዓመቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ፣ በጎል ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። ከዚያ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዶ በ2011 እዚያም ዋንጫ አነሳ። «አየህ፣ አሰልጣኝ ነው ሁሉም ነገር» የሚለው ወገን ይህን ይዞ ይከራከራል፤ ክርክሩ ደካማ አይደለም። ጥሩ አሰልጣኝ ለውጥ ያመጣል፤ ይህን ለመካድ አልተነሳሁም። ሆኖም የዚያ ዓመት ኮከብ ግብ አግቢ ኦኪኪ አፎላቢም በ23 ጎል የጅማ ተጫዋች ነበር። እንዲህ ዓይነት አጥቂ ያለው አሰልጣኝ ሰኞ ጠዋት ልምምድ ላይ ሌላ ሰው ነው።

ሌላም አለ። ገብረመድኅን ከሄደ በኋላ ነው አባ ጅፋር በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን ኃያል ክለብ አል አህሊን የገጠመው። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። አል አህሊን! ሻምፒዮን ያደረገው አሰልጣኝ በሌለበት። ይሁን እንጂ ቡድኑ በ2014 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ከነዚህ ውጤቶች አንዱን ብቻ መዝዞ «አሰልጣኝ ምንም አይደለም» ወይም «አሰልጣኝ ሁሉም ነው» ማለት ይቻላል። አራቱንም ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን አንዱንም አይልም። ክለብን ለዓመታት ላይ ወይም ታች የሚያቆየው በዋናነት የተጫዋቾቹ ደረጃና ያንን የሚገዛው ገንዘብ ነው። አሰልጣኝ ከዚያ ላይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ወደ እናንተ ቡድን እንግባ። ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔን የያዘው 8ቱ ጨዋታ አይደለም። ከ11 ጎል 6ቱ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ መግባቱ ነው። አንድ ጨዋታ 90 ደቂቃ ከሆነ የመጨረሻው 15 ደቂቃ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ነው። በአብዛኛው ሊግ በዚህ ሰዓት የሚገባው ጎል ከሌላው ሰዓት ይበዛል፤ ተጫዋች ይደክማል፣ የባከነ ሰዓት ይጨመራል፣ እየተሸነፈ ያለው ለማጥቃት ሲወጣ ኋላው ይከፈታል። ቢሆንም ከግማሽ በላይ መሆኑ ጤነኛ አይደለም። ስምንት ጨዋታ ትንሽ ስለሆነ ጥቂቱ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ግን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ተደራርበው ይመጣሉ።

አንደኛው ጉልበት ነው። ውድድር በአንድ ከተማ ሲካሄድ ጨዋታ ይቀራረባል። ተጫዋች ሆቴል ውስጥ ይከርማል። ደመወዝ ያልገባለት ልጅ ደግሞ ሌሊቱን ከቤተሰብ ጋር በስልክ ስለ ቤት ኪራይ ሲነጋገር ነው የሚያድረው። ጠዋት ልምምድ ላይ አለ፣ ይሮጣል፣ ግን ሙሉ ልቡ እዚያ የለም። 60 ደቂቃ ይሸፍነዋል። 80ኛው ላይ ሰውዬውን ተከትሎ መመለስ ሲኖርበት ሁለት እርምጃ ይዘገያል። ከቴሌቪዥን ላይ «አሰልጣኙ መከላከል አላስተማራቸውም» የሚመስለው ብዙ ጊዜ ይህች ሁለት እርምጃ ናት።

ሁለተኛው ቅያሪ ነው፤ የአሰልጣኙ ድርሻ እዚህ ይጀምራል። አሁን በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች መቀየር ይቻላል። ሁለት ብቻ እየቀየረ፣ እሱንም 82ኛው ደቂቃ ላይ ከሆነ፣ የሚገባው ጎል የእሱ ነው። ይህን ለማወቅ ስታዲየም መገኘት አያስፈልግም፤ የጨዋታውን ዘገባ አንብቦ የቅያሪ ደቂቃዎቹን በወረቀት መጻፍ በቂ ነው። ግን አንድ ጥንቃቄ፦ ተቀያሪ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ አብረው ይመልከቱ። አማካይ በሌለበት ወንበር ላይ ሦስት አጥቂና አንድ በረኛ ካለ አሰልጣኙ ምርጫ አልነበረውም። ያንን ስብስብ ማን እንዳስፈረመው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ጎሎቹ የገቡበት መንገድ ነው። ከስድስቱ አራቱ ከማዕዘን ምትና ከቅጣት ምት ከሆኑ፣ ይህ የልምምድ ሜዳ ሥራ ነው፤ ማን ማንን እንደሚይዝ አልተነገራቸውም ወይም ተነግሯቸው አልተደገመም። አሰልጣኙ በዚህ ይጠየቃል። ቡድኑ ጎል ለማግኘት ሁሉም ወደ ፊት ሄዶ ከኋላ በመልሶ ማጥቃት የገባ ከሆነ ግን የተለየ ነው። ያ ጎል ያጣ ቡድን በሽታ ነው። አጥቂያችሁ ሄዷል ብለዋል። በ70ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 መምራት ያለበት ቡድን 0 ለ 0 ላይ ሆኖ ሲከፈት 85ኛው ላይ ይቀጣል። ውጤቱን ላየ የተከላካይ ችግር ይመስላል። ሥሩ ግን ከፊት ነው፣ ከዚያም አልፎ ክረምት ላይ በተደረገው ዝውውር ውስጥ ነው።

እርስዎ በስልክ የሚሰሙት «1 ለ 0 ተሸነፍን» የሚለውን ነው። ከዚያች ቁጥር ውስጥ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይታይም። አጂፕ ላይ የሚደረገው ክርክር የማያልቀው ለዚህ ይመስለኛል፦ ሁለቱም ወገን ያላየውን ጨዋታ እየተነተነ ነው። ስድቤ አይደለም። ጨዋታው ካልታየ ማንም ከዚህ የተሻለ አይተነትንም፣ እኔንም ጨምሮ። ስለዚህ ቡድኑ ካለበት ከተማ የሚኖር አንድ ደጋፊ ፈልጉ። ሁለት ነገር ብቻ ይቁጠር፤ እኛ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ስንት ጊዜ መታን፣ እነሱስ ስንት ጊዜ መቱ። ኳስ ቁጥጥሩን ይተወው፣ እሱ ያታልላል። በአምስት ስድስት ጨዋታ ውስጥ ከተጋጣሚ እኩል ወይም የበለጠ እየመታችሁ የምትሸነፉ ከሆነ አሰልጣኙን ማባረር ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ውጤቱ ይመጣል። በየጨዋታው 3 መትታችሁ 11 የሚመታባችሁ ከሆነ ያኔ የምር ችግር አለ፣ እኔም ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ስለ ደመወዙ «ይባላል» ብለው አልፈውታል። እኔ ብሆን ደብዳቤውን ከዚህ ነበር የምጀምረው። በፊፋ ደንብ መሠረት የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ካልተከፈለው ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው። የአገር ውስጥ ጉዳይ በፌዴሬሽኑ ደንብና በውሉ የሚታይ ቢሆንም፣ ሁለት ወር ማለት ቀልድ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባዎታል። ተጫዋች ያልተከፈለው ከሆነ አሰልጣኙም ያልተከፈለው ሊሆን ይችላል። ያልከፈሉትን ሰው ማባረር ደግሞ ሁለት ዕዳ ነው፦ ውዝፉና የቀረው ውል። የውጭ ዜጋ አሰልጣኝ ከሆነ ጉዳዩ ፊፋ ድረስ ይሄዳል። ያለ በቂ ምክንያት የተሰናበተ አሰልጣኝ ሌላ ሥራ ካላገኘ የቀሪውን ውል ሙሉ ዋጋ ይጠይቃል፤ ክለቡ ካልከፈለ ተጫዋች ማስመዝገብ ይታገዳል። ኢትዮጵያዊ ከሆነ ውሉ ላይ ያለው የስንብት አንቀጽና የአገሪቱ ሕግ ይገዛዋል። በሁለቱም መንገድ «አባረርን፣ አለቀ» የሚባል ነገር የለም። ትልልቆቹም አልቻሉም፦ ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት የአሰልጣኙን የቴን ሃግን ውል አራዝሞ በጥቅምት አሰናበተው፤ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስወጣው። ዩናይትድ ይችለዋል። የእናንተ ክለብ ይህን ገንዘብ የሚያወጣው ከተጫዋቾቹ ውዝፍ ላይ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይህን ነው።

የሚተካውስ ማን ነው? በደጋፊው ደብዳቤ ላይ የሚተካው ሰው ስም ወይም ቢያንስ መስፈርት አለ? ከሌለ ደብዳቤው ግማሽ ነው። በውድድር አጋማሽ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ፣ ደመወዝ ወደማይከፍል ክለብ የሚመጣ ጥሩ አሰልጣኝ ብዙ የለም። የሚመጣውም የሌላ ሰው ስብስብ ይረከባል፣ የዝውውር መስኮት እስኪከፈት አንድም ተጫዋች አያስገባም፣ ሲከፈት ደግሞ «የራሴን ልጆች ላምጣ» ይላል። ያኔ ሌላ ወጪ ነው።

ያም ሆኖ አሰልጣኝ በውድድር አጋማሽ መባረር ያለበት ጊዜ አለ። ተጫዋቾቹ ለእሱ መሮጥ ሲያቆሙ፤ ይህ ግን ከአምበሉና ከቡድን መሪው በቀጥታ መጣራት አለበት፣ ከቴሌግራም አይደለም። ለማሰለፍ ወይም ለማስፈረም ገንዘብ ተቀብሏል የሚል ማስረጃ ሲቀርብ፤ ይህ አንድ ቀንም አያሳድርም፣ ማስረጃ ከሌለ ግን ስም ማጥፋት ነው። ልምምድ ላይ በወጉ ሳይገኝ ሲቀርም እንዲሁ። እርስዎ ከነዚህ አንዱንም አልጻፉልኝም። ካለ ይጻፉልኝ፤ መልሴ ሌላ ይሆናል።

ቦርዱ የግድ ያሰናብት ካለ፣ ከውጭ ሰው ከማምጣት ምክትሉን እስከ ውድድሩ መጨረሻ ማስቀመጥ ይሻላል። ልጆቹን ያውቃል፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ ሁለት ወር «ፍልስፍናዬን ላስተዋውቅ» አይልም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2014 ዓ.ም. ሰርቢያዊውን አሰልጣኝ ዝላትኮ ክራምፖቲችን አሰናብቶ ቡድኑን ለምክትሉ ዘሪሁን ሸንገታ ሰጠ። ዋንጫውን ወሰደ፣ በቀጣዩም ዓመት ደገመ። የእንግሊዙ ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2017 አሰልጣኙን ራኒየሪን አባርሮ ምክትሉን ሼክስፒርን ሲሾም አምስት የሊግ ጨዋታ አከታትሎ አሸንፎ ከመውረድ ተረፈ። ግን ሼክስፒር ቋሚ ሆኖ ከአምስት ወር በላይ አልቆየም። ስለዚህ «እስከ ውድድሩ መጨረሻ» ያልኩት አውቄ ነው። ክረምት ላይ ቁጭ ብሎ እንደገና መወሰን ነው።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። አሰልጣኙ የመጀመሪያው ዙር እስኪያልቅ ይቆይ። ቦርዱ ውዝፍ ደመወዙን እስከዚያ ይክፈል፤ ይህ ሳይሆን የአሰልጣኙን ሥራ መመዘን አይቻልም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ እውነተኛ ሰበብ ይኖረዋል። ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ባሉት ጨዋታዎች ሦስት ነገር ይታይ፦ ቅያሪው ቀደም አለ ወይ፣ ከቆመ ኳስ (ከማዕዘንና ከቅጣት ምት) የሚገባው ጎል ቀነሰ ወይ፣ ከክልሉ ውስጥ የሚመታው ኳስ ከተጋጣሚው ጋር ተቀራረበ ወይ። ሦስቱም ካልተነቃነቁ ያሰናብቱት፣ እኔም ለደብዳቤው ቃል እመርጥላችኋለሁ።

ለደጋፊ ማህበሩ ደግሞ ይህን ይበሏቸው። «ይሰናበት» የሚለውን ያውጡትና በምትኩ ቦርዱን አራት ጥያቄ ይጠይቁት። ደመወዝ የስንት ወር ቀርቷል፣ መቼ ይከፈላል? አጥቂው ሲሄድ ለምን አልተተካም፣ የሸጠው ማን ነው? የአሰልጣኙ ውል መቼ ያልቃል፣ ቢሰናበት ስንት ያስወጣል? የሚመዘነው በምንድን ነው? መልስ የሚሰጥበት ቀን ይጻፍበት። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሁለቱም የአጂፕ ወገኖች ይፈርሙታል ብዬ እገምታለሁ።

ቡድኑ ጅማ ሲመለስ ደግሞ ስታዲየም ላይ ጠርሙስ የሚወረውር፣ አሰልጣኙን በቤተሰቡ የሚሳደብ ካለ ቀድማችሁ ያዙት። ቅጣቱ ለክለቡ ነው የሚመጣው፤ በገንዘብ፣ ሲብስም በዝግ ሜዳ። ያ ገንዘብ የሚወጣውም ከዚያችው ደመወዝ ካልተከፈለባት ካዝና ነው።